ቃታው ቫልቩን አይነካውም

ሰላም ወንድሜ። ስለ ፔይንትቦል (በጋዝ የቀለም ኳስ የሚተኩሱበት ጨዋታ) መሣሪያችሁ የጻፍከውን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። «ቲፕማን 98 አለን፤ ጠዋት ደህና ይሠራል። ከሰዓት ግን ቃታውን አንዴ ስንስበው ሦስት አራቴ ይተኩሳል፣ በአፈሙዙም ጋዝ ይተነፍሳል። የቃታ ቫልቭ የት ይገኛል?» ነው ያልከው።

በመጀመሪያ ብር እንዳታወጣ። በዚህ መሣሪያ ላይ ከቃታ ጋር የተያያዘ ቫልቭ የለም። እኔም አዳማ ውስጥ አንድ መዝናኛ ቦታ የፔይንትቦል መሣሪያ መጠገን ስጀምር እንዳንተው ነበርኩ። «የቃታ ቫልቭ» ብዬ ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጣሁ። ሁለት ወር ጠብቄ ስከፍተው ኦቶኮከር የሚባል የሌላ ዓይነት የፔይንትቦል መሣሪያ ትሪ ዌይ (የጋዝ መንገድ መቀያየሪያ) ሆኖ አረፈው! የምታምር ዕቃ ናት። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጣለች።

ኦቶኮከር ላይ ቃታው ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ መምቻውን ይለቃል። ቀጥሎ በቀጭን ዘንግ ትሪ ዌይዋን ይገፋታል፤ እሷም የጋዙን መንገድ እየቀያየረች መሣሪያውን መልሳ ታቀባብላለች። እዚያ «የቃታ ቫልቭ» ቢባል ያስኬዳል። በባትሪ በሚሠሩት ደግሞ ቃታው እንደ መብራት ማብሪያ ነው፤ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ነው።

ያንተው ላይ ግን ቃታው የሚገፋው ሲር የምትባለዋን ትንሽ ብረት ነው። ሲር የኋላውን ቦልት (ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተውን ብረት) በጥርሷ ይዛ ትጠብቃለች። ስትለቀው ሞላው ወደፊት ይወረውረዋል። ቦልቱም የፊተኛውን ቦልት በማገናኛ ዘንግ አስከትሎ ኳሷን ቦታዋ ያስገባል፣ ከዚያ ቫልቩን ይመታል። ቫልቩ ሲከፈት ጋዙ ሁለት ቦታ ይሄዳል፤ ከፊሉ ኳሷን ያስወነጭፋል፣ ከፊሉ ቦልቱን ወደኋላ ይመልሰዋል። ሲርም መልሳ ትይዘዋለች።

ጋዙ ከደከመ ግን ቦልቱ ሲር ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። ሞላው እንደገና ይወረውረዋል፣ እንደገና ይመታል። ድርርር! ቃታ ተበላሸ የምትሉት ይሄንን ነው።

«ጠዋት ደህና ነው» ያልካት ነገር ብዙ ትናገራለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ግፊቱ ከሙቀት ጋር ይወጣል ይወርዳል። በ20 ዲግሪ 57 ባር አካባቢ ነው፤ በ30 ዲግሪ 72 ይጠጋል። የአዳማ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሲሊንደርማ አይጣል ነው፣ ኳሷ ከሚፈቀደው ፍጥነት በላይ ትወጣለች። በተቃራኒው በላይ በላዩ ሲተኮስ ሲሊንደሩ በረዶ እስኪመስል ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ከሰዓት ደግሞ ጋዙ ራሱ እያለቀ ይሆናል። ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) አትመን፤ ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጌጁ ብዙም አይወርድም። በሚዛን መዝነው። ባለ 20 አውንስ ሲሊንደር ሲሞላ 567 ግራም ያህል ጋዝ ነው የሚይዘው። እኔ አጠገባችን ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላይ ነበር የማስመዝነው፤ «ዛሬም ቦምብህን ይዘህ መጣህ?» ትለኝ ነበር።

ሙሉ ሲሊንደር ገጥመህም ከደገመ፣ የኋላው ቦልት ላይ ያለውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እይ። ካለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ቦልቱ ጉልበት ያጣል። እሱም ደህና ከሆነ ወደ ሲር ሂድ። ጫፏን በጥፍርህ ዳስሳት። ጥፍርህን ያዝ የምታደርግ ስለት ሊኖራት ይገባል። ከዶለዶመች ትቀየር። በሞረድ እስላታለሁ እንዳትል፤ እኔ ሞክሬ በሁለት ቀን ብሳ አረፈች።

በአፈሙዙ የሚተነፍሰው ጋዝ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የራሱ የቫልቩ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለችው ካፕ ሲል የምትባል ጋዙን የምትዘጋ ክዳን ቆሻሻ ይዛለች ወይም ተጎድታለች።

ከመፍታትህ በፊት ኳሶቹን አውጣ፣ ሲሊንደሩን ንቀል፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገህ ሁለት ሦስቴ ባዶውን ተኩስ። ውስጥ የቀረ ጋዝ ቀልድ አያውቅም። መነጽርህንም አትርሳ። ነጭ ጨርቅ አንጥፍና አካሉን አስተኝተህ ቀስ ብለህ ክፈት፤ የሲሯ ሞላ ዘላ ትጠፋለች። እኔ አንዷን አልጋ ሥር በስልክ መብራት ግማሽ ቀን ፈልጌአለሁ። ስትገጥም ለፔይንትቦል የተሠራውን ዘይት ጠብ አድርግበት። ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጨውን አትንካው፣ ኦሪንጉን ያበላሸዋል።

ስትከፍተው የሲሯን ጫፍና የቦልቱን ኦሪንግ በቅርበት አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። የቱ እንደሚቀየር አይቼ እነግርሃለሁ።