መንጋጋ ጥርስ ለምትሠሩ ልጆቼ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ሐኪም በቴሌግራም ራጅ ልካልኝ "ዶክተር፣ የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ነው፣ ሦስቱንም ካናል (በሥሩ ውስጥ ያለውን የነርቭ መተላለፊያ) እስከ ጫፍ ሞልቻለሁ፣ እናትየው ግን አሁንም ሲያኝኩ ያማቸዋል፣ ምን ላርግ?" አለችኝ። ሥራዋ ያምራል። እኔ ግን ራጁን ሳይ ትዝ ያለኝ ሌላ ጥርስ ነው።

ከጅማ አጠገብ ከማና የመጡ ቡና ገበሬ አባት ነበሩ። ያኔ ትንሿን የራጅ ፊልም ጨለማ ክፍል ገብተን በእጃችን ነው የምናጥባት፣ የጅማ ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ አይደርቅም፣ እርጥቡን መስኮት ጋ ወስደን እናነባለን። የሳቸውም እንደዛ ታየ፣ ሁለት ሥር፣ ከፊት ሁለት ካናል ከኋላ አንድ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ። አጽድቼ መድኃኒት አድርጌ ሸኘኋቸው፣ አብጦ ተመለሱ፣ ደግሜ አጸዳሁ፣ አሁንም ተመለሱ። ከሌላ አቅጣጫ ላንሳ ስል ፊልም አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ደግሞ መመላለሱ ሰልችቷቸዋል፣ "ልጄ፣ በቃ ንቀልልኝና ልረፍ" አሉኝ። ነቀልኩት። ቧንቧ ስር ሳጥበው ከኋለኛው ሥር ጎን፣ በምላስ በኩል፣ ቀጭን ሦስተኛ ሥር፣ ጫፉ ወደ ጉንጭ ቆልመም ያለ። ፊልሙ ላይ ከትልቁ ሥር ጋር ተደራርቦ ነበር። ሥሩ ቢገኝ ጥርሱ ይድን ነበር፣ አሁን ግን እጄ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ሥር በምሥራቅ እስያ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ እኛ ጋ ግን የለም ማለት አይደለም። ራጅ እኮ ጥላ ነው፣ በጉንጭና በምላስ በኩል ያለውን አንድ ላይ ይደርበዋል። የራጁን ቱቦ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ጎን አዙራችሁ ሁለተኛ አንሱ፣ ቱቦው ወደሄደበት አብሮ የሄደው ሥር የምላስ በኩሉ ነው፣ በተቃራኒ የሄደው የጉንጭ በኩሉ። ክላርክ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1910 ያሳየው ዘዴ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ላይማ በፊተኛው የጉንጭ ሥር ውስጥ ሁለተኛ ካናል ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥርሶች ይገኛል፣ የለም ከማለታችሁ በፊት ፈልጉት።

የአሁን ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው፣ ግን ስክሪኑ ላይ የሞላችሁት ካናል ነጩ መስመር ካማረላችሁ ጨረስን ትላላችሁ፣ ካላማረ ደሞ ሲቢሲቲ (ጥርሱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚያሳይ ራጅ) ካልተነሳ አንሠራም ትላላችሁ። ለሁሉም ሰው ሲቢሲቲ አይታዘዝም፣ ጨረሩም ወጪውም አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ያኔ ቢኖረኝ ኖሮ የኚያ አባት ጥርስ አይነቀልም ነበር።



አንቺ ልጄ፣ ራጅሽን ደግሜ አየሁት፣ የኋለኛው ካናል ከሥሩ መሃል ላይ አይደለም፣ ጥርሱን ከፍተሽ የውስጥ ወለሉ ላይም ወደ ጉንጭ አድልቶ ካገኘሽው በምላስ በኩል ሌላ አለ ብለሽ ጠርጥሪ። እናትየው ሲመጡ ቱቦውን ከፊት በኩል አዙረሽ አንሺና ላኪልኝ፣ ጥርሱ ላይ የከፈትሽውን ቀዳዳም ወደ ምላስ በኩል ሰፋ አድርጊው።