«ጋሼ፣ ቢጫው ተስፋ ማለት ነው?»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐዋሳ። ጡረታ የወጡት የሥዕል መምህራችን ጥያቄ እየመለሱ ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አለ፦ የሸክላ ማሰሮ፣ ቢጫ አበባ፣ ጥቁር ሰማያዊ ጀርባ። ቀለሙ እንደ ጭቃ ተለስኗል።

— ጋሼ፣ ቢጫው ተስፋ ማለት ነው አይደል?

— አይደለም። ቀጥል።

— ታዲያ ከየት ልጀምር?

— ና፣ በመስኮቱ በኩል ከጎን ቁም። የቀለሙ ጉብታ ጥላ ሲጥል አየህ? ይቺ ቅጠል በአንድ ምት ነው የወጣችው፤ ብሩሹ ሲነሳ ቀለሙን ጎትቶታል። ማሰሮው ላይ ግን የሠዓሊው እጅ ተመላልሷል፤ ከሥር አረንጓዴ ይታያል። የቸኮለበትና ያመነታበት ቦታ ይኸው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎህም በ1888 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ አርል ከተማ ሱፍ አበባዎቹን ሲሥል ይጣደፍ ነበር። አበባው ይጠወልግበታላ! ጓደኛው ሠዓሊው ጎጋን ሊመጣ ነው፣ ክፍሉን ሊያስጌጥለት። ለንደን ባለው ሥዕል ውስጥ ከፈኩት ጎን ረግፈው ፍሬ ብቻ የቀሩም አሉ። የተጠቀመበት ክሮም ቢጫ የሚባለው ቀለም ደግሞ ብርሃን ሲበዛበት ይጠቁራል። በፎቶም አትፍረዱ።

— ጋሼ፣ እቤት ያለ ሥዕል አለኝ፣ በስልክ ፎቶውን ላሳይዎት?

— አሁን ምን አልኩ? ፎቶ የቀለሙን ውፍረት ይበላዋል።

— ስንት ያወጣል?

— ደላላ ጠይቅ።

— እኔ ግን አደይ አበባ ነው የሚመስለኝ።

— አደይ ማሰሮ ውስጥ ይሰካል እንዴ? በእንግጫ ታስሮ ነው ለእንቁጣጣሽ የሚሰጠው!

— እኛ ቤት ብርጭቆ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።

— ሁለት ቀን አይቆይም።

— ውሃው ሲቀየርለት ይቆያል እንጂ!

(አሥር ደቂቃ በዚሁ ሄደ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ።)

— አደይ ይሁን ሌላ፣ ሠዓሊው አልነገረንም። መስከረም ትዝ ካላችሁ ትዝታው የእናንተ ነው፣ ሸራው ላይ ግን አትለጥፉት።

— ጥቁሩ ጀርባስ ሐዘን ነው?

— ተመለስን! በሁለት እጅህ ጀርባውን ከልለው። ቢጫው ደበዘዘብህ? ሥራው ይኸው ነው፣ ቢጫውን ማስጮህ። ሐዘን ካየህ የቱ ጋ እንደሆነ በጣትህ አሳየኝ።

ዝም ተባለ። ከኋላ አንዲት ልጅ፦

— ሥዕሉ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የወደቀችውስ ቅጠል?

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ተጠጉ።

— ጎበዝ። ይቺ ብሩሽ አልነካትም። በቀለም መቀቢያ ቢላዋ ነው የተለጠፈችው፣ እሷ ብቻ። ነይ፣ ጠጋ ብለሽ እያት።