የደረቀ የመላጫ ሳሙና መልሶ ይሠራል፣ ግን ለማቅለጥ አትቸኩል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከያርድ ሴል (ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት) የገዛኸው ኦልድ ስፓይስ የተባለው የወንዶች ሽቶና መላጫ ብራንድ የድሮ ኩባያ ውስጥ ያለው ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሽታውም ጠፍቷል፤ አቅልጬ አዲስ ሽታ ልጨምርበት ወይ ነው ያልከው። የድሮ የመላጫ ሳሙና መልሶ እንዲሠራ ማድረግ የቆየ ሱሴ ስለሆነ ትንሽ ባስረዝም ታገሰኝ።

መጀመሪያ አሽትተው። ምንም የማይሸት ከሆነ ችግር የለም። የከረመ ዘይት የሚሸት፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብም ያወጣ ከሆነ ግን ስቡ ተበላሽቷል። ያንን ምንም ሽቶ አይሸፍነውም። ሳሙናውን ጣለው፣ ኩባያዋን አስቀር። መርከቧ የተሳለችበት ኩባያ ባዶዋንም ታምራለች።

ደህና ከሆነ ላዩን በቢላ በስሱ ፋቀው። ሽታ የሚተነው ከላይ ነው፤ ከሥር ብዙ ጊዜ ቅመም ቅመም የሚል ነገር ይቀራል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ማንኪያ ያህል አፍስስበትና ሩብ ሰዓት ተወው። የፈላ ውሃ እንዳታደርግ፣ የድሮ ኩባያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ውሃውን ድፋና በእርጥብ ብሩሽ ጠንከር አድርገህ እሸው። መጀመሪያ የሚወጣው ትልልቅ አረፋ ነው፣ ቶሎም ይከስማል። አትደንግጥ። ጠብ ጠብ እያደረግህ ውሃ ጨምርና እርጎ እስኪመስል ምታው።

አሁንም እምቢ ካለ ሳሙናውን ከመርገምህ በፊት ውሃህን ጠርጥር። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ሳሙናውን ወደ ነጭ ዝቃጭ ይለውጠዋል፣ አረፋ የሚባል ነገር አታይም። አንድ ጋሎን ዲስቲልድ ዋተር (ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ) ገዝተህ ሞክር። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ማቅለጡን የማልወደው ለምን መሰለህ? እንዲህ ያለ ጠንካራ ሳሙና አብዛኛውን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ በከባድ ሮለር ተዳምጦና ተጨምቆ የተሠራ ነው። እሳት ላይ ስታወጣው በወጉ አይቀልጥም፣ ይጓጉላል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተርና መልሶ ይሰነጠቃል። የግድ ካልክ በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቀህ፣ በጥቂት ሙቅ ውሃ አርሰህ፣ በእጅህ አሽተህ ኩባያው ውስጥ ጠቅጥቀው። ሽታም የሚጨመረው ያኔ ነው።

ለ100 ግራም ሳሙና 1 ግራም የላቬንደር ወይም የሴዳርውድ ኤሴንሻል ኦይል (ከተክል የሚወጣ መዓዛማ ዘይት) ይበቃል። የድሮውን ሽታ እመልሳለሁ ብለህ የቅርንፉድና የቀረፋ ዘይት እንዳትገለብጥበት። ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ምላጭ ባለፈበት ፊት ላይ ደግሞ አስበው። ሽቶም አትርጭበት፣ አልኮሉ ተኖ ሽታውም አብሮት ይሄዳል። ፊትህን ከመንካቱ በፊት አረፋውን ክንድህ ላይ ቀባ አድርገህ እጠበውና እስከ ነገ ጠብቅ።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሽታ አልጨምርበትም ነበር። የሳሙና ሽታ እኮ ታጥቦ የሚሄድ ነው። ሻልተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ለወንዶች ያወጣው ኦልድ ስፓይስ ዛሬም በፕሮክተር ኤንድ ጋምብል እጅ አለ። እንደ ድሮው አይሸትም ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ፣ ይሁን። ሽታ ሳትጨምርበት በሳሙናው ተላጭና የኦልድ ስፓይስን አፍተርሼቭ (ከተላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚቀባውን) ከላዩ ጣል አድርግ።

ስትጨርስ ኩባያውን ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አድርቀው እንጂ ሻወር ውስጥ አትተወው። ያልኩህን ነጠብጣብ ካየህበት ደግሞ ፎቶውን እዚህ ለጥፍልን።