መስጠምና መንሳፈፍን ለልጆች ማስተማር፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የሚመልሱልን አንደኛ ደረጃ ሳይንስ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው። ጠይቁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ መምህር፣ ለ6 ዓመት ልጄ «ከባድ ይሰጥማል፣ ቀላል ይንሳፈፋል» ብዬ ልጀምርለት?

መምህር፦ በፍጹም! ይህቺን አንዴ ከያዘ ማስለቀቁ አበሳ ነው። ግንድ ይንሳፈፋል፣ የአሸዋ ቅንጣት ይሰጥማል፤ ታዲያ ከባዱ የቱ ነው? ማስረዳቱን ተይውና የለስላሳ ቆርኪ ፈልጊ። ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ውኃ ላይ ያስቀምጠው፤ ይንሳፈፋል። በጎኑ ይክተተው፤ ውኃ ይሞላና ቁልቁል ይወርዳል። ቆርኪው ያው ነው። አንዲት ተማሪዬ «አየሩ ስላመለጠው ነው» ብላኛለች፤ እኔ ከዚያ የተሻለ አላስረዳም። ብረቱና ያቀፈው አየር ተደምረው፣ ያንኑ ያህል ቦታ ከሚይዝ ውኃ ከቀለሉ ይንሳፈፋሉ። መርከብ ማለት ትልቅ ቆርኪ ነው። ደግሞ ከመክተቱ በፊት ይገምት! ሳይገምት አንድም ነገር አይክተት። ስትጨርሱ ባልዲውን ድፉት፤ ሕፃን ልጅ ለመስጠም 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል።

አንድ አባት፦ «እፍግታ» (ክብደት ለሚይዘው ቦታ ሲካፈል) የሚለውን ቃል ለልጄ መቼ ልንገራት?

መምህር፦ ይቆይ።

ጀማሪ አስተማሪ፦ እንቁላልን በጨው ውኃ የማንሳፈፉ ሙከራ አልሠራልኝም።

መምህር፦ ስንት ውኃ? ስንት ጨው? «አልሠራልኝም» ብቻ ብትለኝ ምን ልበልህ?

ጀማሪ አስተማሪ፦ አንድ ጆግ ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው።

መምህር፦ ለጆግ? በብርጭቆ አድርገው፤ በሾርባ ማንኪያ እየጨመርክ አማስል፣ እንቁላሉ እስኪነሣ። እንቁላሉ ግን አዲስ የተጣለ ይሁን፤ የከረመ ውስጡ አየር ስለሚበዛ በተራ ውኃም ይነሣብሃል።

ሌላ አባል፦ በዚህ ኑሮ እንቁላል ለሙከራ?

ጀማሪ አስተማሪ፦ ሲያልቅ ተቀቅሎ ይበላላ!

ሌላ አባል፦ በጾምስ?

መምህር፦ ቁራጭ ድንችም ይሆናል። ወደ ጥያቄው።

ከባሕር ዳር፦ የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገል ቀላል ስለሆነ አይደል?

መምህር፦ «ቀላል» ደግሞ መጣች! የደንገል ውስጡ አየር የሞላው ስፖንጅ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ታንኳውን ከውኃ አውጥተው የሚያደርቁት ለዚህ ነው።

ሌላ አባል፦ ያው ቀላል ነዋ።

ከባሕር ዳር፦ ተሸክመኸው ታውቃለህ?

መምህር፦ ለስፋቱ ቀላል! እዚህ ላይ ይብቃ።

ከእስራኤል፦ መምህር፣ እኛ ሙት ባሕር ቅርባችን ነው፤ ልጆቹን ወስጄ ላሳያቸው?

መምህር፦ ውሰጃቸው እንጂ። የዚያ ውኃ ጨው ስለበዛበት 1 ሊትሩ 1.24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተራው 1 ኪሎ ነው። ግን «እዚያ አይሰጠምም» ብለሽ እንዳትዘናጊ። በሆዱ የተገለበጠ ሰው ቀና ማለት ይቸግረዋል፤ የሞቱም አሉ።

አንድ አባት፦ ጥሩ አፕ ይጠቁሙን?

መምህር፦ ባልዲ።

አዲስ አባል፦ ከባድ ነገር ለምን ይሰጥማል?

መምህር፦ ኧረ ከላይ አንብቡ!

የሁለት ልጆች እናት፦ መርፌስ? ብረት ሆኖ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ።

መምህር፦ እሱን የያዘው የውኃው ገጽ ነው፤ እንደ ስስ ቆዳ ተወጥሮ። ሳሙና ጠብ ብታደርጊበት ይወርዳል። ልጅሽ ቆርኪውን ሳይጨርስ ግን መርፌ አታምጪበት። ባልዲውን ደፋሽው?