ለደንገጎ የትኛው ፒክአፕ? ጉተታውን ተወውና ጀርባውን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በጅቡቲ በኩል የገባ የአሜሪካ ቤት ተሳቢ ገዝተሃል። አልጋውም ወጥ ቤቱም ውስጡ ነው፤ አንገቱ ፒክአፑ ካሶኒ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት። ባዶውን 4,000 ኪሎ፣ ሲሞላ 5,000 ኪሎ ብለሃል። ድሬዳዋና ሐረር መካከል፣ በደንገጎ ዳገት በኩል፣ ለመስክ ሠራተኞች ልታከራየው አስበህ «ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ወይስ ፎርድ?» አልክ። የመለሱልህ ሁሉ «ላንድክሩዘር ምን ያቅተዋል!» ይሉሃል። አቦ፣ ላንድክሩዘርን እኔም እወደዋለሁ። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም።

እኔ በጅቡቲ ድንበር በደወሌ መስመር ላይ ለዓመታት ተሳቢ ጎትቻለሁ። ሰው ፒክአፕ ሲያማርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት እንደሚጎትት ነው። ባንተ ተሳቢ ግን ቀድሞ የሚያልቀው የመኪናው ጀርባ ነው። እንዲህ ያለ ተሳቢ ከክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶውን በኪንግ ፒኑ፣ ማለትም ከአንገቱ ሥር ወጥቶ ካሶኒው ላይ በሚቆለፈው የብረት ዘንግ፣ በኩል ፒክአፑ ላይ ይጭናል። ከ5,000 ኪሎ 20 በመቶ ብትይዝ 1,000 ኪሎ መጣ። ሃይሉክስ በጠቅላላው የሚሸከመው ወደዚያው ነው። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ኪንግ ፒኑ የሚቆለፍበት ከባድ ብረት ገና አልተቆጠሩም። ላንድክሩዘር 79ም ቢሆን የተፈቀደለት ጉተታ 3,500 ኪሎ ነው፤ ያውም ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው። ያንተው ባዶውን አልፎታል። ድሬ ላይ ውሃ ሞልተህ ልትወጣ ነው ደግሞ፤ 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው።

ባሌስትራ ጨምርበት የሚሉህን አትስማ። ባሌስትራ የመኪናውን ጀርባ ቀና ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑንና ቻሲውን አያጠነክርም።

ሌላም አለ። ኪንግ ፒኑ ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ወደፊት መቀመጥ አለበት። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ ካሶኒ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የደንገጎ ኩርባ ላይ መሪውን አጥብቀህ ስትጠመዝዝ የተሳቢው ግንባር የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ረጅም ካሶኒ ፈልግ፣ 2.4 ሜትር የሚሆነውን።

እንግዲህ የሚሆንህ ፎርድ ኤፍ 350 ወይም ራም 3500 ዓይነት ነው፤ ናፍጣ፣ ከኋላ ጥንድ ጎማ ቢሆን የበለጠ። ኤፍ 250ም ሊበቃህ ይችላል፣ ግን ከመግዛትህ በፊት የሚሸከመውን ክብደት እይ። አዳዲሶቹ ናፍጣዎች ጣጣ አላቸው። ጭስ ማጣሪያቸው የተለየ ፈሳሽና ሰልፈሩ በጣም የወረደ ናፍጣ ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት ይቀንስብሃል። በዚህ በኩል እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የፎርድ 7.3 ሊትር ናፍጣ ይሻለኛል። እርግጥ አሮጌ ነው፤ መለዋወጫም እንደ ቶዮታ ከየሱቁ አይለቀምም። ከውጭ ላስመጣ ካልክ ደግሞ ጉምሩክን ቀድመህ ጠይቅ፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ቀብድ ከፍለህ እንዳትቆዝም።

ተሳቢውን በወር አንዴ ብቻ የምታንቀሳቅሰው ከሆነ ግን አትግዛ። የሚጎትትልህን መኪና ተከራይ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ደንገጎ ላይ ነው። መውጣቱ ራዲያተርህ ጤነኛ ከሆነ ያልፋል፤ ሙቀቱ እንዳያስቸግርህ በማለዳ ውጣ። የሚያስፈራው መውረዱ ነው። የአሜሪካ ተሳቢ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ነው። እግርህ ፍሬን ስለረገጠ ብቻ አይዝም፤ ጋቢና ውስጥ መቆጣጠሪያ ሳጥን መገጠም አለበት። እዚህ ብዙ ሰው መብራቱን ብቻ አያይዞ ይነሳል። ያኔ 5,000 ኪሎውን ይዞ የሚወርደው የፒክአፑ ፍሬን ብቻውን ነው። ከአራተኛው ኩርባ በፊት የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸትሃል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል።

ሳጥኑ ላይ በጣት የምትገፋ ትንሽ እጀታ አለች። ሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄድክ የእግር ፍሬን ሳትነካ እሷን ግፋት። ተሳቢው ከኋላ ጨምድዶ ሊይዝህ ይገባል። ካልያዘህ ቁልቁለቱን አትጀምር። ስትወርድም በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ መኪናው የሞተር ፍሬን ካለው አብራው። ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላህ ጡሩንባ ቢያስጮህ ዳር ይዘህ አሳልፈው፤ እሱ ቸኩሏል፣ አንተ አልቸኮልክም።

ከመዋዋልህ በፊት ተሳቢውን ውሃና ዕቃ ሞልተህ የመኪና ሚዛን ላይ አውጣው። መጀመሪያ የሚጎትተውን መኪና ብቻውን መዝን። ከዚያ ተሳቢውን አያይዝና የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ሆነው ድገም። ልዩነቱ ጀርባው ላይ ያረፈው ክብደት ነው። ያንን ቁጥርና የምትገዛው ፒክአፕ የሹፌር በር መግቢያ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን። የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት እሷ ላይ አለ፤ በፓውንድ ከተጻፈ በ2.2 አካፍለው።