ሁለት ክዳን ስንት ነው? ስለ ቱታ መድሃኒት ለጠየቅከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። መቂ አካባቢ ሩብ ሄክታር ቲማቲም አለህ፣ ቱታ የሚሉት የቲማቲም ትል ገብቶብሃል፣ ሻጩ «ለአንድ መርጫ ሁለት ክዳን» ብሎሃል፣ ተረካቢው ደግሞ ፍሬው ላይ የቀረው መድሃኒት ከተፈቀደው አለማለፉን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ወረቀት አምጣ እያለህ ነው። ከላይ የመለሱልህ ሰዎች «ሦስት ክዳን አድርገው»፣ «እኔ አራት ነው የማደርገው» ይሉሃል። እባክህ አትስማቸው። እኔ ዝዋይ ነኝ። እኔም ሩብ ሄክታር ነበር፣ እኔም ቱታ ነበር፣ እኔም ሁለት ክዳን ተብዬ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1. መጀመሪያ የሚለካው ውሃው ነው። መድሃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መርጫህን ንጹህ ውሃ ሙላ። ማሳህ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለካና አራት ችካል ትከል። እንደ ሁልጊዜው አረማመድህ ያቺን ብቻ ርጭ። ከዚያ መርጫው እንደገና እስኪሞላ ስንት ሊትር እንደጨመርክ በጆግ ለካ። እኔ ጋ 4 ሊትር ገባ። በ100 ካሬ 4 ሊትር ከሄደ በሄክታር 400 ነው፣ በሩቡ 100 ሊትር። ባለ 16 ሊትር መርጫ ስድስት ጊዜ ሙሉ፣ ከዚያ 4 ሊትር። መለያው በሄክታር 1 ሊትር መድሃኒት የሚል ከሆነ ለሩቡ 250 ሚሊ ይደርስሃል፣ ለአንድ መርጫ 40 ሚሊ። ያንተ ቁጥር ከኔ ይለያል፣ የኔን አትገልብጥ። ተክሉ ሲያድግ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ ኖዝሉ (የመርጫው አፍ) ሲበላም ብዙ ይተፋል፣ ስለዚህ አንዴ ለክቼዋለሁ ብለህ አትተወው።

2. ክዳን ልኬት አይደለም። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሲሪንጅ ግዛ፣ ለዚህ ብቻ ይሁን፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ቆልፍበት። እኔ ዘግይቼም ቢሆን በሲሪንጅ ውሃ እየሞላሁ ክዳኖቹን ለካኋቸው። የሃይላንድ ክዳን 6 ሚሊ ያዘ። የአንድ ሊትር መድሃኒት ጠርሙስ ክዳን 22 ሚሊ ያዘ። እንግዲህ «ሁለት ክዳን» 12 ነው ወይስ 44? ሻጩ የትኛውን ክዳን አስቦ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

3. በሃይላንድ የተቀዳ መድሃኒት አትግዛ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። አንዱን ሊትር ሙሉውን ለመግዛት ብር አጥሮኝ ነበር፣ ሻጩም «ለምን ትቸገራለህ፣ ግማሽ ልቅዳልህ፣ የቱታ አዲሱ መድሃኒት ነው» አለኝ። በውሃ ጠርሙስ ቀዳልኝ። ቢጫ ፈሳሽ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ። መለያ የለው፣ ስም የለው፣ ምንም። ሁለት ክዳን ረጨሁ፣ ትሉ ምንም አልሆነም። ቱታ እኮ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው፣ ላይ ላዩን የረጨኸው ሁሉ አያገኘውም። በሳምንቱ አራት ክዳን አደረግሁ። በሦስተኛው ተናድጄ ስድስት።

የዚያን ቀን የሚረጨው የእህቴ ልጅ ነበር። 19 ዓመቱ ነው። የመርጫው ክዳን ላስቲክ ተበልቶ ጀርባው ላይ ያንጠባጥብ ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ «ስትጨርስ እንቀይረዋለን» ነው ያልኩት። ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሶ ሦስት ሰዓት ያህል ረጨ። አፉ ላይ ማስክ አድርጎ ነበር። ለካ መድሃኒቱ በቆዳም ይገባል። አራት ሰዓት ላይ ቦዩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ላቡ ይወርዳል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል። አይኑን ገልጬ ሳይ ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክላለች። ጎረቤት ወተት ይዞ መጣ፣ ሌላው አስተፉት ይላል። ወተትም አትስጥ፣ እንዲያስመልሰውም አታድርግ። ልብሱን አውልቅ፣ ጓንት አድርገህ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ሩጥ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን መድሃኒት ነው?» ብሎ ነው። ሃይላንዱን ሰጠሁት። ገለበጠው፣ አየው፣ እኔን አየኝ። ምንም አላለኝም፣ ያ ዝምታ ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ከምልክቱ ተነስቶ አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ ሰጠው፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላከን። ሦስት ሌሊት ተኛ። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መለያው ቢኖር ግን የመድሃኒቱ ስም፣ መርዙን የሚያረክሰው ነገር፣ ከታች ደግሞ ቀለሙ ሁሉ ተጽፎ ነበር። ቀይ መስመር እጅግ አደገኛ ነው፣ ቢጫው ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ሕጉም ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ ስም የሌለው ሃይላንድ ደግሞ ይመዝገብ አይመዝገብ በምን ታውቃለህ?

4. ምርመራው። የኔም ተረካቢ ለሆቴሎች የሚያቀርብ ነበርና ወረቀት አምጣ አለኝ። ከለቀምኩት ላይ አንድ አምስት ፍሬ አጥቤ፣ ጠራርጌ፣ በስኳር ላስቲክ አድርጌ አዲስ አበባ ወሰድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ለሰላጣ ነው ለምርመራ?» አለኝ፣ ሰው በተሰለፈበት። ምን ማምጣት እንዳለብኝ ግን አልነገረኝም። በሁለተኛው «ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ፣ በሦስተኛው ተቀባዩ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ሦስት ጊዜ የተመላለስኩበት ትራንስፖርት የመድሃኒቱን ዋጋ ይበልጣል። በመጨረሻ አንዲት ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ፣ እግዜር ይስጣት፣ ወጥታ አስረዳችኝ።

እሷ ያለችኝን ልንገርህ። ቢያንስ አንድ ኪሎ፣ ከአሥር ፍሬ ያላነሰ። ከማሳው ከተለያየ ቦታ፣ ከዳርም ከመሃልም ልቀም። አትጠበው። አዲስ ንጹህ ላስቲክ ውስጥ አድርግ፣ መድሃኒት የነካ እጅ አይንካው። የተለቀመበትን ቀን፣ መጨረሻ የረጨህበትን ቀንና የረጨኸውን ጻፍበት። ፀሐይ ሳይመታው ቶሎ አድርስ። ከመሄድህ በፊት ደውለህ ደብዳቤ ይፈልጉ እንደሆነ፣ የትኞቹን መድሃኒቶች እንደሚመረምሩና ክፍያውን ጠይቅ፣ ሁሉም ቦታ ሁሉንም መድሃኒት አይመረምርም።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ «ፕሮፌኖፎስ» ይላል፣ ከተፈቀደው በላይ። ያ «የቱታ አዲሱ መድሃኒት» ፕሮፌኖፎስ ነበር፣ ድሮም ስረጨው የነበረው፣ ስሙ ብቻ የተለወጠ። ምን እንደገዛሁ ያወቅሁት ከላቦራቶሪ ወረቀት ነው! ተረካቢው አልወስድም አለ። 80 ሳጥን ቲማቲም። ደላላ «እኔ እወስደዋለሁ፣ ማን ያያል» ብሎኝ ነበር። አልሰጠሁትም፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሚስቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር ያ። ግን የእህቴን ልጅ ሆስፒታል አልጋ ላይ አይቼ ያንን ለሰው ልጅ ላበላው አልችልም።

ስለ መጠበቂያ ቀን ማንም አልነገረህም መሰለኝ። መለያው ላይ ከረጨህ በኋላ ስንት ቀን ሳትለቅም መቆየት እንዳለብህ ተጽፏል። ቲማቲም ደግሞ መልቀም ከጀመርክ በየአራትና አምስት ቀኑ ትለቅማለህ። ስለዚህ 14 ቀን የሚያስጠብቅ መድሃኒት ለቀማ ከተጀመረ በኋላ አይሆንህም፣ ከዚያ በፊት ጨርሰው። መድሃኒት ስትለዋውጥም የንግድ ስሙን አትይ፣ በትንሹ የተጻፈውን የመድሃኒቱን ስም እይ። ሦስት የተለያየ ጠርሙስ ገዝተህ ሦስቱም አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ቱታ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል።

ዘንድሮ የፌሮሞን ወጥመድ (በሴቷ ሽታ ወንዱን የሚስብ) ሰቅዬ፣ የቱታን የእሳት እራት እየቆጠርኩ፣ ስፈልግ ብቻ ነው የረጨሁት። ሙሉ ጠርሙስ ከነመለያው ከጎረቤቴ ጋር ተጋርተን ገዛን፣ በዚያው ጠርሙስ እንዳለ፣ አንድ ቀን እሱ አንድ ቀን እኔ። ቦቲ፣ ጓንት፣ ወፍራም እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ። ልብሱን ሚስቴ አታጥበውም፣ ራሴ ለብቻው ነው የማጥበው። ናሙናዬ አለፈ። ወረቀቱን ፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

አሁን የገዛኸውን መድሃኒት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ መለያው እንዲነበብ አድርገህ። ልኬቱን አብረን እናሰላዋለን። መለያ ከሌለው ግን ዛሬ ማታ እንዳትረጭ፣ ደውልልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ።