"የድሮው ኑሮ ይሻል ነበር" የሚሉት አያት ልክ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አያቴ ከባቲ ገጠር መጥታ እኛ ጋ ናት፣ መብራት ሲጠፋም ጤፍ ሲወደድም "የድሮው ኑሮ ይሻል ነበር" ትላለች። እናቴ ደሞ "ምኑ ተቀየረና፣ እኔም እንደሷ ስለፋ ነው ያረጀሁት" ትላለች። ለኔ ግን ሁሉም ነገር የተቀየረ ነው የሚመስለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህታችን፣ እኔን የነካኝ የእናትሽ ነገር ነውና ከሳቸው ልጀምር። ውሃውን ብቻ እንይ። አያትሽ በልጅነታቸው እንስራ አዝለው ወንዝ ይወርዱ ነበር፣ እንስራው ባዶውን ራሱ ከባድ ነው፣ መንገድ ላይ ከተሰበረ ደሞ ቁጣው አይጣል። ከዛ ቢጫው ጀሪካን መጣ፣ ቀለል ያለ፣ ቢወድቅም የማይሰበር። ግን 20 ሊትር ውሃ ያው 20 ኪሎ ነው፣ ቦኖ ጋ ተሰልፋ የምታዝለውም ያው እናት ወይ ሴት ልጅ ናት። እናትሽ ምኑ ተቀየረ ሲሉ ይሄን ይመስለኛል የሚሉት፣ እና እውነታቸውን ነው።

ወፍጮ ላይ ግን አልስማማም። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ መፍጨት የወፍጮ ቤት ሞተር በገባበት ሁሉ ቀርቷል፣ ይሄ ትልቅ እረፍት ነው፣ ተራ መጠበቁና እህል ተሸክሞ መሄዱ ቢኖርም እንኳ።

አያትሽን በአክብሮት ልከራከራቸው። በ1966ቱም በ1977ቱም ድርቅ ስንት ወሎዬ ነው ያለቀው፣ የ77ቱን አለም ያየው ኮረም ላይ ነው፣ ያኔ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ስር ነበረች፣ ከዛ ስንቱ ቤተሰብ በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና መተከል ተበትኖ ዘመድ ከዘመድ ተለያይቶ ቀረ። ዛሬም ችግር አለ፣ ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት የሚረዳ አባወራ ብዙ ነው፣ ቢሆንም ያን ዘመን በደፈናው ይሻል ነበር ማለት ይከብደኛል። እሳቸው የናፈቃቸው ኑሮው ሳይሆን ሰዉ ይመስለኛል፣ እስኪ ቡናው ላይ ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው።

አንቺም ልክ ነሽ። ያኔ የቤት ገንዘብ የሚመጣው ከማሳና ከከብት ነበር፣ አሁን ስንት ቤት ነው ሳዑዲ ወይ ቤሩት ያለች ልጅ በምትልከው ብር ቆርቆሮ የለበሰው። ለኔ ከስልኩም ከመብራቱም በላይ ወሎን የቀየረው ይሄ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው፣ እናት የልጇን ፊት በስክሪን እያየች ነው አቦሉን የምትቀዳው። ባቲ ግን ገበያዋ ዛሬም ሰኞ ነው፣ አፋሩ ከቆላ ይወጣላታል፣ ደገኛው ከደጋ ይወርድላታል፣ ዋጋውን ቀድሞ በስልክ የሰማ ሰው እንኳ ሄዶ በአይኑ ሳያይ አይገዛም። አቦል ቶና በረካውም ከነምርቃቱ አለ።

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ለስራ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። የቅሬ (የእድር) መዋጮዬን በቴሌብር ብልክ የሰፈር ሰው ቅር ይለዋል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ብሩን ላክ፣ ማንም ቅር አይለውም። ግን ቅሬ ብር ብቻ አይደለም፣ ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ይፈልጋል፣ በብዙ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ተቧድኖ እዚህ የደረሰው በዚህ ነው። ስለዚህ ለሰብሳቢው ራስህ ደውልና ባልኖርኩበት ቀን ወንድሜ ወይ የአጎቴ ልጅ ይቆምልኛል ብለህ ስሙን አስመዝግብ፣ ለአመት በአል ስትመጣ ደሞ አንተ ባልነበርክበት ሰው የሞተባቸው ቤቶች ጋ መጀመሪያ ግባ።